አርፋ ብታስቀን ምናለ?

አንድ ኮሜዲያን ከማሳቅ ውጪ ሌላ ነገር ሲሞክር የምትባል ዓረፍተ ነገር አለች። ቴአትር ሲጽፍ ትባላለች፤ ፊልም ሲሠራ ትባላለች፤ ደፍሮ አንድ ቁም ነገር የተናገረ ዕለትማ ዘመድ አዝማዷን አስከትላ ትመጣለች። «ምናለ አርፎ ቢያስቀን?» ኮሜዲያኑ ሴት ስትሆን «አርፋ» ትሆንና ትንሽ ትከብዳለች። ሴት ልጅ «አርፈሽ ተቀመጪ»ን የምትሰማው ገና ቀልድ መናገር ሳትጀምር ነዋ።

ዛሬ የምናወጋችሁ አርፋ ስላልተቀመጠች ሴት ነው። ኤሌን ሜይ ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት። ኮሜዲያን፣ ተዋናይት፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ የፊልም ጸሐፊ፣ የፊልም ዳይሬክተር። የተወለደችው በ1932 ስለሆነ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልን) በዕድሜ አያታችን ትሆናለች። አንቱ ማለት በተገባን ነበር። ግን የወደዱትን አርቲስት አንቱ ማለት አይሆንም፤ ይቅር ትበለን።

ፊላደልፊያ ተወለደች። አባቷ ከከተማ ከተማ እየዞረ በዪዲሽ፣ ማለትም በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ቴአትር የሚጫወት ሰው ነበር፤ እሷም በልጅነቷ አብራው መድረክ ወጥታለች። ትምህርት ቤትን በአሥራ አራት ዓመቷ ገደማ ተሰናበተችው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ገባችና ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሳትመዘገብ ክፍል እየገባች መማር ጀመረች። ሳይማሩ ዲግሪ የሚያገኙ ሰዎችን እናውቃለን፤ እሷ ግን ያለ ዲግሪ ተማረች።

ከማይክ ኒኮልስ ጋር የተገናኙት እዚያው ቺካጎ ነው። ታሪኩን ሁለቱም ደጋግመው ነግረውታል። አንድ ምሽት ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ ያያታል። ገና በቅጡ አይተዋወቁም። ጠጋ ብሎ፣ የውጭ አገር ሰው አነጋገር አስመስሎ፣ መቀመጥ ይችል እንደሆነ ይጠይቃታል። እሷም ፈገግ እንኳ ሳትል የሰላይ አነጋገር ይዛ ትመልስለታለች። እንደዚያው ሰላይና ሰላይ እየተጫወቱ ሄዱ። ተመልካች የለ፣ ቲኬት የለ።

በ1955 ኮምፓስ የሚባል ቡድን ቺካጎ ውስጥ መጠጥ ቤት ላይ ሥራ ጀመረ። ተዋንያኑ የተጻፈ ቃለ ተውኔት የላቸውም፤ የታሪኩን አጽም ይዘው ይወጡና የቀረውን እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥሩታል። ይህ ሥራ ከቀልድ ችሎታ በፊት ጆሮ ይጠይቃል። ጓደኛህ የሚናገረውን ካልሰማህ ቀጥሎ የምትለው ነገር የለህም። የኤሌን ትምህርት ቤት ይህ ነበር። ጆሮ የሚለውን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

በ1957 ሁለቱ ኒው ዮርክ ወረዱ። ልመንህ ታደሰንና አለባቸው ተካን፣ ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን ያየ ሰው ጥንድ ኮሜዲ ምን እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ያገባል። ኒኮልስና ሜይ ግን ቀልድ አይናገሩም ነበር፤ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ያሳያሉ፣ በቃ። በጣም የታወቀው ሥራቸው የእናትና የልጅ ነው። ልጅ ሮኬት የሚያመጥቅ ሳይንቲስት ነው። እናት ትደውላለች። ለምን አልደወልክም? ሮኬት እያመጠቅን ነበር። እናትህ ስልኩ ሥር ተቀምጣ ስትጠብቅስ? ወቀሳው ይቀጥላል፣ ሕመሙ ይቀጥላል፣ በመጨረሻ ያ ትልቅ ሳይንቲስት እንደ ሕፃን እየተኮላተፈ ስልኩን ይዘጋል። እኛ ይህን ስንሰማ ከአምስታችን ሦስታችን እርስ በርስ ተያየን። ሴትዮዋ የኒው ዮርክ ሳትሆን የጉለሌ ናት!

ጥቅምት 1960 «ከማይክ ኒኮልስና ከኤሌን ሜይ ጋር አንድ ምሽት» የሚለው ትርኢታቸው ብሮድዌይ ላይ፣ ጎልደን በሚባለው ቴአትር ቤት ተከፈተ። 306 ጊዜ ታየ። በትርኢቱ ውስጥ አንድ ክፍል ነበረች፤ ተመልካቹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የአንድ ደራሲ ስልት ይሰጣል፤ እነሱ በመካከል ያለውን እዚያው ይፈጥራሉ። የትርኢቱ ሸክላ ግራሚ አገኘ። በዚህ መሀል፣ በ1961፣ አቆሙ። ትርኢቱ ሳይሰለች፣ ወንበሩ ሳይጎድል።

እሷ ወደ ቴአትር ድርሰት ሄደች። በ1962 የጻፈችው ሙሉ ተውኔት ኒኮልስን ዋና ተዋናይ አድርጎ ፊላደልፊያ ላይ ተከፈተ። አልሆነም። ብሮድዌይ ሳይደርስ ወረደ፤ የሁለቱም ወዳጅነት ለዓመታት ሻከረ። መድረክ ላይ እኩል የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ወርዳ ደራሲ ሆና ከታች ስታየው፣ ሌላው ከላይ ሲታይ፣ ነገሩ ተበላሸ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የእኛም ነገር አለበት።

በዚህ ገጽ ተራ እየገባን የምንጽፈው አምስት ነን ብለናል። ከአምስታችን አንዷ ዓምድ ከመጻፏ በፊት መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ ታስቅ ነበር፤ ዛሬም ታስቃለች። (ስሟን አንጽፍም፤ ብንጽፍ ሰላም አናገኝም።) አምና ሁለት ሰዎች ብቻ የሚጫወቱበት ቴአትር ጻፈች። ሦስት ቅዳሜ ታየና ወረደ። ሦስቱንም ቅዳሜ ነበርን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰዉ ሊስቅ ተዘጋጅቶ መጥቶ፣ መሳቅ ያለበት ቦታ ሲጠፋው አየን። አንድ ሰውዬ ባልና ሚስቱ በሚለያዩበት ትዕይንት ላይ ለአክብሮት ያህል ሳቀ። በሁለተኛው ቅዳሜ እኩሌታው ወንበር ባዶ ነበር። በሦስተኛው ግን ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴትዮ ስታለቅስ ሰምተናል። ለሦስት ቅዳሜ አንዲት አልቃሽ ትበቃለች ወይ? ጥያቄው ይህ ነው፤ መልሱ ደግሞ የቴአትር ቤት ኪራይ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይለያያል።

ወደ ኤሌን እንመለስ። ኒኮልስ መድረክ ማዘጋጀት ጀመረ፤ ሰመረለት። ፊልም ጀመረ፤ ሰመረለት። በ1967 ለሠራው «ዘ ግራጁዌት» የዳይሬክተር ኦስካር ወሰደ። እሷም አላረፈችም። በ1969 «አዳፕቴሽን» የሚል አንድ ገቢር ተውኔት ጽፋ ራሷ አዘጋጀችው። የአንድ ሰው ዕድሜ ከልደት እስከ ሞት በቴሌቪዥን የሽልማት ጨዋታ መልክ የቀረበበት ነው፤ ወደፊት ሂድ፣ ወደኋላ ተመለስ፣ ተራህን ጠብቅ። ከቴሬንስ ማክናሊ ተውኔት ጋር ተጣምሮ ከ700 ጊዜ በላይ ታየ። የፊላደልፊያው ተውኔት ከወረደ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰባት ዓመት!

ከዚያ ፊልም መጣ። በ1971 «ኤ ኒው ሊፍ»ን ጻፈች፣ ዳይሬክት አደረገች፣ ዋና ተዋናይትም ሆነች። ገንዘቡ ያለቀበት አንድ ቅምጥል ሰው (ዋልተር ማታው ነው) ሀብታም ሴት አግብቶ ሊገድላት ያስባል። የሚያገኛት ሴት ዕፀዋት የምትመራመር፣ ሻይ የምትደፋ፣ ልብሷን በቅጡ መልበስ የማትችል የዋህ ናት፤ እሷን የምትጫወተው ኤሌን ናት። ያዘጋጀችው ፊልም ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ፓራማውንት ነጥቆ ወደ መቶ ደቂቃ አሳጠረው። ፍርድ ቤት ሄደች፤ ተሸነፈች። ተቆርጦም ተወደደ፤ በ2019 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚጠብቃቸው ፊልሞች ተርታ ገባ። በ1972 «ዘ ኸርትብሬክ ኪድ» ተከተለ፤ በጫጉላ ሽርሽሩ ላይ ሌላ ሴት አይቶ ሙሽራዋን የሚተው ሰው ታሪክ። የተተወችውን ሙሽራ የተጫወተችው የኤሌን የገዛ ልጅ ጂኒ በርሊን ናት፤ ለኦስካርም ታጨች።

ሦስተኛው «ማይኪ ኤንድ ኒኪ» ነው። ኒኪ ወንበዴዎች ሊገድሉት የሚፈልጉት ሰው ነው፤ ሆቴል ተደብቆ የልጅነት ጓደኛውን ማይኪን ይጠራል። ማይኪ ይመጣል። ከገዳዩ ጋር ተነጋግሮ ነው የመጣው። አንድ ሌሊት ሙሉ አብረው ይዞራሉ። ይህን ፊልም በ1973 ስትቀርጽ 1.4 ሚሊዮን ጫማ ርዝመት ያለው ጥሬ ፊልም ፈጀች። በኪሎ ሜትር ሲመነዘር ከ420 በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢዘረጋ ደሴ ደርሶ ይተርፋል። ኤዲቲንጉ ዓመታት ወሰደ፤ ከስቱዲዮው ጋር ተካሰሱ፤ ፊልሙ ሲኒማ የገባው በ1976 መጨረሻ ነው።

ጻድቅ ናት አንልም። ገንዘቡን ያወጣው ሰው ጸጉሩን ቢነጭ አይፈረድበትም። ግን ያን ሁሉ ፊልም የፈጀችበትን ምክንያት እዩት። ሁለት ተዋንያን እያወሩ፣ ካሜራው እየሮጠ፣ እሷ አንዱ ለሌላው የሚዋሽበትን ቅጽበት እስኪመጣ ትጠብቃለች። መጠጥ ቤቱ መድረክ ላይ የነበረው ጆሮ ነው። ቦታው ተቀየረ እንጂ ሥራው አልተቀየረም።

ዝርዝሩን ከላይ ለሚያየው ሰው የኤሌን ሕይወት የተበተነ ይመስላል። መጠጥ ቤት፣ ብሮድዌይ፣ ተውኔት፣ ፊልም። እኛ ግን አንድ ቅዳሜ ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው። ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን የሠራችው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሊከዳ ሲል። እናት ልጇን በወቀሳ ታስራለች። ባል ሚስቱን ሊገድል ያስባል። ሙሽራ ሙሽራዋን ይተዋል። ጓደኛ ጓደኛውን ይሸጣል። እቃው ብቻ ነው የሚለዋወጠው። አናጺ ዛሬ በር፣ ነገ ወንበር፣ ከነገ ወዲያ አልጋ ቢሠራ «ምነው ተበታተንክ» የሚለው የለም። እንጨቱን ያውቀዋላ!

አሁን ወደ «ኢሽታር» ደረስን። ስሙን የሰማችሁ ቀድማችሁ ፈገግ ብላችኋል፤ ችግሩም እሱ ነው።

በ1987 ወጣ። ዋረን ቢቲና ደስቲን ሆፍማን ምንም ተሰጥኦ የሌላቸው ሁለት ዘፋኞች ሆነው ይሠራሉ። ሥራ ሲያጡ ሞሮኮ ሆቴል ውስጥ ለመዝፈን ይስማሙና ሳያውቁ የስለላ ድርጅትና የአማፅያን መሀል ይገባሉ። ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት፤ አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 14 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጋዜጦች ፊልሙ ሳይወጣ ጀምሮ ስለ ወጪው ይጽፉ ነበር። «ኢሽታር» የሚለው ቃል ራሱ የኪሳራ ሌላ ስም ሆነ። ታዋቂው ካርቱኒስት ጋሪ ላርሰን የገሃነም ቪዲዮ ቤት ብሎ መደርደሪያው ሁሉ በ«ኢሽታር» የተሞላ ሱቅ ሣለ። ሰው ሳቀ። ከዓመታት በኋላ ላርሰን ራሱ ጻፈ፤ ካርቱኑን ሲሠራ ፊልሙን አላየውም ነበር። ኋላ አውሮፕላን ላይ አየውና ወደደው።

እኛ በአንድ እሑድ፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ሰሃን ቆሎ፣ አምስታችንም አየነው። ፍርዳችን ይኸውና። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሆድ ያስይዛል፤ ሁለቱ ሰዎች መጥፎ ግጥም ሲጽፉ የሚያሳዩት ትጋት የምናውቃቸውን ገጣሚዎች ሁሉ አስታወሰን። በረሃው ውስጥ ታሪኩ ይንዘላዘላል፤ እዚያ ላይ ተቺዎቹ ልክ ናቸው። የገዙት ዕውር ግመል ግን ከብዙ ተዋንያን ይበልጣል። ደግሞ አንድ ትዕይንት አለ፤ አንዱ ከፎቅ ሊዘል መስኮት ውጪ ቆሟል፤ ሌላው ከፍታ እየፈራ አብሮት ሊቆም ይወጣል። እዚያ ላይ ዝም አልን። በኤሌን ሥራዎች ሁሉ መሀል ሁለቱ ሰዎች በመጨረሻ የማይካካዱበት ፊልም ይህ ነው። እጇን ያስቆረጣትም ይኸው ሆነ።

ከ«ኢሽታር» በኋላ ኤሌን ሜይ ሌላ የሲኒማ ፊልም ዳይሬክት አላደረገች። በዚያን ጊዜ 55 ዓመቷ ነበር። ከሷ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1980፣ ማይክል ቺሚኖ የተባለ ዳይሬክተር በ«ሄቨንስ ጌት» ከዚያ የባሰ ኪሳራ አድርሷል፤ የዩናይትድ አርቲስትስ ስቱዲዮ መሸጥ ከዚያ ፊልም ጋር ተያይዞ ይነሳል። ቺሚኖ በ1985 አዲስ ፊልም ይዞ ተመለሰ፤ ከዚያም ሌሎች አስከተለ። ሲቸግረው ቢቸግረውም በሩ ተከፈተለት። እናወዳድር እንጂ አንፍረድ ብንል እንኳ ወዳደሩ ራሱ ይፈርዳል።

ወዳጃችን ይህን ፊልም ከእኛ ጋር ያየችው፣ ካሜራ ተውሳ የሠራችውን የሃያ ደቂቃ ፊልም ለአንድ የሙያው ሰው አሳይታ በተመለሰች ሳምንት ነው። ሰውዬው አሥር ደቂቃ ያህል፣ ያውም ስልኩን እየነካካ፣ አየላትና ያችን ዓረፍተ ነገር አቀበላት። «አርፈሽ ብታስቂን።» የፊልሙ ዋና ነገር ያለው አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው። እሷም ካሜራውን ልትመልስ፣ ፊልም የሚባል ነገር ልትተው ቆርጣ ነበር የመጣችው። «ኢሽታር» ሲያልቅ ምንም አላለችም። ቆሎውን ጨረሰችና «ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ምን በላች?» አለችን። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የጥበብ ሰው ስለ ጥበብ ሰው የሚጠይቀው ትክክለኛ ጥያቄም ይኸው ነው።

ምን በላች? ጽሕፈት። ድሮም ስትጽፍ ነበር። በ1978 ከቢቲ ጋር የጻፈችው «ሄቨን ካን ዌይት» ለኦስካር አጭቷታል። «ሬድስ»ንና «ቱትሲ»ን ስሟ ሳይጠራ አቃንታለች፤ በ«ቱትሲ» ውስጥ ቢል መሪ የተጫወተው የአብሮ ኗሪው ገጸ ባሕርይ የእሷ ፈጠራ እንደሆነ ይነገራል። ከ«ኢሽታር» በኋላ ደግሞ ያ የሻከረ ወዳጅ ነበረላት። በ1996 «ዘ በርድኬጅ»ን፣ በ1998 «ፕራይመሪ ከለርስ»ን እሷ ጻፈች፣ ኒኮልስ ዳይሬክት አደረገ። ሁለተኛው ዳግም ለኦስካር አሳጫት። ባቡር ጣቢያ የተጀመረ ጨዋታ አርባ ዓመት ቆይቶ ቀጠለ። ኒኮልስ በ2014 አረፈ፤ በ2016 ስለ እሱ የቀረበውን የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም የሠራችው እሷ ናት።

በ2018 ደግሞ የመርሳት ችግር ቀስ በቀስ የሚወስዳትን አንዲት አሮጊት ሆና፣ የኬነዝ ሎነርጋንን ተውኔት ልትጫወት ብሮድዌይ ተመለሰች። ቴአትር ቤቱ ጎልደን ነው፤ ያው የ1960ው ጎልደን። 58 ዓመት አልፏል፤ አጠገቧ የነበረው ሰው የለም። በ2019፣ በ87 ዓመቷ፣ የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብላ የቶኒ ሽልማት ወሰደች። በ2022 የክብር ኦስካር ተሰጣት። ያቀበላት ቢል መሪ ነው።

እሰየው፣ መጨረሻው አማረ ብለን እንዳንዘጋው ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። ከ1987 በኋላ ያሉት ዓመታት የት ሄዱ? ሽልማት የሠሩትን ያከብራል፤ ያልተሠራውን ፊልም አያመጣም። በስንት ሰው ሳቅ፣ ያውም ሳያይ በሚስቅ ሰው ሳቅ፣ ስንት ፊልም ሳይሠራ እንደቀረ የሚቆጥር የለም። ብዙ ሙያ መሞከር ኤሌንን አልጎዳትም። አንዱ ሙያ ሲያስርባት ሌላው አብልቷታል። የጎዳት አንድ ውድቀት የሰው ሁለመና ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ ከአንባቢዎቻችን የምንለምነው ትንሽ ነገር ናት። የምታውቁት ቀልደኛ ነገ ቴአትር ቢጽፍ፣ ከነገ ወዲያ ፊልም ብትሠራ፣ አትውደዱ ብትሉ መብታችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ስልኩን ገልብጡና እስከ መጨረሻው እዩ። የወዳጃችን ፊልም ሃያ ደቂቃ ናት። ካሜራው ገና አልተመለሰም።